ትራንስካይን ሕዝቡ አልመረጣትም

ለአዘጋጁ፣

የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ለጥቁሮች ከከለለቻቸው ግዛቶች አንዷ ስለነበረችው ስለ ትራንስካይ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የአካባቢው ሕዝብ የሆኑት ኮሳዎች የራሳቸውን መንግሥት ፈልገው ያቋቋሙ አስመስሎ ማቅረቡ ግን መታረም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1963 እዚያ የምክር ቤት ምርጫ ተደርጎ ነበር። ሕዝቡ የሚመርጠው 45 ወንበር ብቻ ነበር። ሌላው 64 ወንበር የባላባቶች ነው። እነሱን ደግሞ ደመወዝ የሚቆርጥላቸውም የሚሽራቸውም የፕሪቶሪያ (የደቡብ አፍሪካ) መንግሥት ነበር። ከተመረጡት አብዛኞቹ የቪክቶር ፖቶ ደጋፊዎች ሆኑ። ፖቶ ራሳቸው በትራንስካይ ውስጥ የምዕራብ ፖንዶላንድ ታላቅ ባላባት ነበሩ፤ የዘር ክፍፍሉን (አፓርታይድን) ግን ይቃወሙ ነበር። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ በባላባቶቹ ድምፅ የፕሪቶሪያን ዕቅድ የሚደግፉት ባላባት ካይዘር ማታንዚማ ፖቶን 54 ለ49 አሸንፈው የግዛቲቱ ዋና ሚኒስትር ሆኑ። ያውም ከ1960ው የፖንዶላንድ አመፅ ወዲህ ሰው ያለ ክስ በሚታሰርበት አዋጅ ሥር ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ኦክቶበር 26 ቀን 1976 «ነፃነት» ሲታወጅም ሕዝበ ውሳኔ የሚባል ነገር አልነበረም። ቀደም ብሎ በተደረገው ምርጫ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪዎች እስር ቤት ነበሩ። በዚያች ዕለት ከትራንስካይ ጋር ይዛመዳሉ የተባሉ ሁሉ የደቡብ አፍሪካ ዜግነታቸውን አጡ። በጆሃንስበርግ ዳርቻ ሶዌቶ ተወልዶ ያደገ፣ የትራንስካይን ዋና ከተማ ኡምታታን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በገዛ አገሩ የውጭ ዜጋ ተባለ። የአፓርታይድ መንግሥት ዋና ዓላማም ይኸው ነበር፤ ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር አልፎታል።

ዓለም አልተቀበለውም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ቀን 134 ለ0 ውድቅ አደረገው፤ አሜሪካ ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። እዚሁ አዲስ አበባ ይቀመጥ የነበረው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ዕውቅና ነፍጓል።

ከኮሳ ሕዝብ ነገዶች አንዱ የሆነውን የቴምቡን ንጉሥ ሳባታ ዳሊንድዬቦን አለማንሳታችሁ ደግሞ በጣም አሳዝኖኛል። ነፃነት የተባለውን ነገር ከመጀመሪያው አልቀበልም ያሉ ሰው ናቸው። ማታንዚማን ተችተሃል ተብለው ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ ተሰደዱ። በ1986 በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ውስጥ አረፉ። ሬሳቸው አገር ሲገባ እንኳ ማታንዚማ ከቤተሰቡ ነጥቀው አስቀበሩት። ንጉሡ ለማዕረጋቸው የሚገባውን ቀብር ያገኙት በ1989 ነው፤ ያኔ ማታንዚማና ወንድማቸው ከሥልጣን ወርደው ጄኔራል ባንቱ ሆሎሚሳ ነበሩ የሚገዙት።

በሚቀጥለው እትማችሁ ቢያንስ የ1963ቱን የምርጫ ውጤት በማረሚያ መልክ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ