የሥር ሳህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁን ለኩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከመመገቢያው ሳህን ሥር ለጌጥ የሚቀመጠው ሰፊ ሳህን ደሴና ኮምቦልቻ ቤቶችም ገብቷል። ሱቆች «ቻርጀር» ይሉታል፤ የስልክ መሙያ የሚመስለውም አይጠፋም። እኛ የሥር ሳህን እንበለው።

ገዢው ቀለም ያማርጣል እንጂ ጠረጴዛውን አይለካም። የተለመደው የሥር ሳህን ወርዱ ከ30 እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጣል። ጠረጴዛው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ሁለት ባለ 33 ፊት ለፊት ሲቀመጡ መሐል ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ወጥና ሰላጣ ማቅረቢያ ያስገባል። ስፋቱ 75 ከሆነ የሚተርፈው 5 ነው፤ የጨው ዕቃ ቢገባ ነው። ክብ ጠረጴዛ ደግሞ ዓይን ያታልላል። ወርዱ 120 በሆነው ላይ ስድስት ባለ 33 በምቾት ይቀመጣሉ፤ ስምንት ሲሆኑ ጠርዛቸው ይደራረባል። ስምንት ባለ 30 ይገባሉ፣ እንግዶቹ ግን በክርን ይጋፋሉ። በአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

ሱቅ ስትሄዱ የቤታችሁን ሳህን ይዛችሁ ሂዱ። የሳህኑ መቀመጫ በሥር ሳህኑ ለጥ ያለ ክፍል ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት፤ ተዳፋቱን ከነካ፣ ሥጋ ሲቆረጥ ይንገጫገጫል። ጠርዙን በጣት ጫን ብላችሁ ሞክሩት።

ወርቃማው ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን ቅቡ በሽቦ ሲፈተግ ይላጣል፣ ምግብም በቀጥታ አይቀርብበትም። ሸክላ ጥብስ ከነፍሙ ካስቀመጣችሁበትማ ቀልጦ ከጠረጴዛ ልብሱ ጋር ይጣበቃል።

ለእኛ ቤት የሚሻለው ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ጠፍጣፋ ስፌት ነው። ሲያዝዙ የሚበዛው ስሕተት ጥለቱን መሐል ላይ ማሰፋት ነው። ባለ 33 ስፌት ላይ ባለ 27 ሳህን ሲቀመጥ በዙሪያው የሚታየው 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ስንት ቀን የተደከመበት ኮከብ ሳህን ሥር ተቀብሮ ይቀራል። መሐሉ ቀለም በሌለው አክርማ ይሰፋ፤ ጥለቱ በመጨረሻዎቹ 4 ሳንቲ ሜትር ይዙር። ድካሙም ዋጋውም ይቀንሳል። ሰፊዋ በዓይኗ ገምታ ስለምትሠራ፣ በልኩ የተቆረጠ ክብ ካርቶን ስጧት፤ አለዚያ ስድስቱ ስድስት ዓይነት ይሆናሉ። አንዱን አሰፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ሌላውን እዘዙ።

ስትረከቡ በደንብ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ዙሪያውን በጣት ተጫኑ። የውጪዎቹ ዙሮች ጠብቀው ከተሰፉ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣና ጎድጓዳ ይሆናል፤ ከላሉ ደግሞ እንደ ማዕበል ይወላገዳል። ሁለቱም ሳህን አያስቀምጡም፣ ተጭነው ቢያድሩም ጨርሰው አይቃኑም። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ባለቀለሙን ክፍል እሹት፤ ጨርቁ ከቀላ የበዓል ቀን ነጩ የጠረጴዛ ልብስም ይቀላል።

የወጥ ቅባት አክርማ ውስጥ ከገባ አይለቅም፤ ስለዚህ ወጥ ስትጨምሩ ሳህኑን ወደ ወጡ አስጠጉ። ፍራፍሬና ቡና ከመቅረባቸው በፊት ስፌቱ ከሳህኑ ጋር ይነሣል። አይዘፈዘፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ፀሐይ ቀለሙን ታደበዝዘዋለችና። የደሴን ክረምት ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን የገባ ስፌት መስከረም ላይ ሻግቶ ይወጣል። በቀጭን ነጠላ ጠቅልላችሁ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት።

የስፌትና የገበታ ዕቃ ባለሙያዎች
ከደሴ