በረዶውን ይተዉት፣ አጋዘኑን ግን አይመግቡት

ጅማ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ውድ እናቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የቡናው ለቀማ አልቆ የመጨረሻው እሸት ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል፤ የዋጋውን ነገር በስልክ ስለምነግርዎ እዚህ አላነሳውም። ትናንት ለጥምቀት ሲደውሉልን ስለ አትክልትዎ የነገሩኝ ነገር ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ ስላደረ፣ ዛሬ ሚካኤልን ሸኝተን እንደተመለስን ብዕር አነሣሁ። «ግማሹን በረዶ ገደለብኝ፣ የተረፈውን አጋዘን በላው» ብለውኛል። እህቴ የላከችልኝን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አይቻለሁ። እዚያው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ እርሷ ዘንድ አራት የፈረንጅ ክረምት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ በዓይኔ ካየሁትና በእጄ ካበላሸሁት ተነሥቼ ልመልስልዎ፤ ፍርዴ ግን ከእርስዎ ፍርድ ይለያል፤ በረዶው ከተከሰሰበት በደል አብዛኛውን አላደረሰም።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስተናል። እኛ እዚህ በረዶ የምንለው በሐምሌ ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደውን፣ የጎመኑን ቅጠል በስቶ በስቶ ወንፊት የሚያስመስለውን ነው። እዚያ የሚወርደው ግን ሌሊት ድምፁን ሳያሰማ ወርዶ ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ ብቻ የሚታወቅ ሌላ ፍጥረት ነው። አዲስ የወረደው ከአሥር እጅ ዘጠኙ አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀን በድርቡ መካከል በሚያስቀረው አየር እንደሆነ ሁሉ፣ ይህም መሬቱን እንደዚያው ያለብሰዋል፤ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ክንድ ያህል በረዶ የለበሰ አፈር ዜሮ አካባቢ ላይ ይቆያል። ስለዚህ በጥቅምት የተከሉት ነጭ ሽንኩርት አልሞተም፤ ተኝቷል። እህቴ ለእርስዎ አዝና ከመደቡ ላይ በረዶውን በአካፋ እየዛቀች ማንሣቷን ሰምቻለሁ፤ እባክዎ ይከልክሏት። የተገለጠ አፈር ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ማታ ተመልሶ ይረጋል፤ ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋም ሥሩ ያልጠለቀውን ተክል ከነሥሩ ወደ ላይ ገፍቶ ያወጣዋል። እንዲህ ብቅ ያለ ካገኙ በእጅዎ ጫን አድርገው ይመልሱትና የደረቀ ቅጠል ወይም ገለባ ያልብሱት። እህቴ መዛቅ ካማራት የመኪና መግቢያው ይበቃታል፤ ያንንም ጨው የነካው ስለሆነ ወደ አትክልቱ እንዳትደፋው ይንገሯት።

በረዶው የሚከሰስበት አንድ ነገር ክብደቱ ነው። እርጥቡ ዓይነት ሲወርድ ያቺን የእኛን ጽድ የምትመስለውን፣ እዚያ አርቦርቫይቲ የሚሏትን አጥር ያጎብጣታል፤ አንዳንዴም ይሰነጥቃታል። መፍትሔው መጥረጊያ ይዞ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያደረጉ ማራገፍ ነው። ቅርንጫፉን ብርጭቆ የመሰለ በረዶ ከለበሰው ግን ዝም ብሎ መተው ነው፤ ያን ጊዜ እንጨቱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባሪ ነው። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ክረምቴ ነው። ልርዳው ብዬ በዱላ መታ መታ ሳደርገው፣ አከራዮቻችን ሃያ ዓመት ያሳደጉት ዛፍ ሁለት ቦታ ቀጭ ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ሽማግሌው ምንም አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥፋተኛ ልምጣ። ሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ የጽጌረዳው ጫፍ በጣትዎ ተይዞ ይታያል፤ አጉልቼ ሳየው የተቆረጠ ሳይሆን የተቀደደ ነው፤ ልጡ እንደ ተበጠሰ ገመድ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍየል ስላረቡ ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፤ አጋዘንም እንደ ፍየልና እንደ ላም ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው፣ ነክሶ ይይዝና ይነጭበታል። እሾህ አያስቆመውም። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ፎቶግራፍ ላይ ግን የትንሿ ፖም ቀንበጥ በቢላ እንደተመታ በሰያፍ ተቆርጧል፤ ያ የጥንቸል ሥራ ነው፣ አጋዘኑን በሐሰት አንክሰሰው። ጥንቸሏ በረዶው ላይ ቆማ ስለምትበላ ከቁመቷ በላይ ያለውንም ታገኛለች። በዚያ ላይ አይጦች በበረዶው ሥር ዋሻ ሠርተው የግንዱን ልጥ ሲፍቁ ይከርማሉ፤ ይህ የሚታየው በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው። ግንዱ ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ አለቀለት፤ እዚህም ሰው ዛፍ ሳይቆርጥ ማድረቅ ሲፈልግ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል? ፖሟን ዓይኑ ጠባብ በሆነ የሽቦ ወንፊት ይክበቡልኝ፤ ሥሩ ጥቂት አፈር ውስጥ ይግባ፣ ቁመቱ ከበረዶው በላይ ይትረፍ። አፈሩ አሁን እንደ ድንጋይ ስለሆነ መቅበሩ እስከ ሚያዝያ ይቆይ፤ ለጊዜው በረዶውን ከግንዱ ዙሪያ ረግጦ ማጠንከር የአይጦቹን መንገድ ይዘጋል።

እማዬ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት ለሚቀጥለው ቃል ነው፤ እንዳይቆጡኝ። ማታ ማታ ለአጋዘኖቹ በቆሎ እንደሚበትኑላቸው እህቴ ነግራኛለች። «ርቧቸው ነው፣ ዓይናቸው ያሳዝናል» እንዳሉም ሰምቻለሁ። ጂሬን ኮረብታ ሥር ባለው ጓሯችን ከርከሮና ዝንጀሮ ሲመጣ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያስጮኹ የነበሩት ሴት፣ እዚያ ሄደው ሌባውን መቀለብ መጀመርዎ አስቆኛል፤ ግን ነገሩ ለሳቅ አይሆንም። ያቺ ቡሬ ላማችን ገመዷን በጥሳ የስንዴውን ጆንያ የጨረሰች ለት ትዝ ይልዎታል? በማግሥቱ ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ፈዝዞ ሞተች። አጋዘኑም የሚያመሰኳ ነው። ክረምት ሲገባ ሆዱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ቀንበጥና ቅርፊት ለመፍጨት ስለሚሰናዱ፣ በድንገት በቆሎ ሲመጣበት ጨጓራው ይኮመጥጥና ጠግቦ እያለ ይሞታል። ያልሞተውም ጎረቤቶቹን አስከትሎ ይመጣል፤ አንድ ቦታ ሲጎርፉም በሽታ ይጋባሉ፤ በዚህ ሰበብ በብዙ ቦታ ሕጉም መመገብን ይከለክላል። በበቆሎው የመጡት እንግዶች ደግሞ ሳህኑ ሲያልቅ ወደ አጥሩ ይዞራሉ። ማዘንዎን አልነቅፍም፤ እነርሱን የሚጠቅማቸው ግን መተው ነው። (ራሱ የወደቀ ቀንድ በረዶው ላይ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ የእነርሱ እንደ ድኩላ ቀንድ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፣ በየክረምቱ ጥለው በበጋ ሌላ ያበቅላሉ።)

አጥር ያሰቡም እንደሆነ፣ ለአጋዘን ሁለት ሜትር ከአርባ ያህል ካልሆነ ዘልሎት ይገባል፤ ያ ደግሞ ለእህቴ ኪስም ለጎረቤቶቿ ዓይንም ይከብዳል። እንቁላል በውሃ መትቶ መርጨት ይሠራል፤ ሽታው ያርቃቸዋል፤ ዝናብ ካጠበው ግን እንደገና መርጨት ያሻል፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቀንም አይረጭም። ማስፈራሪያ ሰው ማቆሙን ይተዉት። እዚህ ያቆሙትን ዝንጀሮዎቹ በአራተኛው ቀን የአባባን ጃኬት ገፈውት እንደሄዱ አይረሱም። ነጭ ሽንኩርቱን እምብዛም ስለማይነኩት ለእርሱ አይጨነቁ። ጤና አዳሙ በማሰሮ ሆኖ ቤት ውስጥ ይክረም፤ የሚኒሶታን ብርድ አይችልም።

ከገበያ ገዝተው መስኮት ላይ ያስቀመጡት የቡና ችግኝም እንዲሁ ነው። የጅማ ሴት ቡና ለጌጥ ትገዛለች ሲባል ሰፈሩ በሙሉ ስቋል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋን አይተው እንዳያወጡት። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ የብራዚሉን ፓራና የመታው ውርጭ ያን ሁሉ ቡና እንዴት እንዳነደደው፣ የዓለም ዋጋም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደናረ ሲተርኩልን አልነበረም? ሌሊቱ በደንብ እስኪሞቅ፣ ሰኔ እስኪገባ ይታገሡት።

የቀረው የአርቦርቫይቲዋ ነገር ነው። አጋዘን ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት እርሷን ነው፤ ክፋቱም አረንጓዴው ካለቀበት ቡናማ ቅርንጫፍ ዳግመኛ አታቆጠቁጥም። ከታች የተራቆቱት ሁለቱ እንደዚያው ይቀራሉ፤ የቀሩትን አምስቱን ግን ማትረፍ ይቻላል። መሸፈኛው ጆንያ ይሁን እንጂ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ አይሁን፤ ላስቲክ ትንፋሽ ያሳጣታል፣ በፀሐይ ቀንም ይቀቅላታል። ዙሪያዋን እንጨት ተክለው ጆንያውን በእንጨቱ ላይ ይወጥሩት፤ ከበረዶው በላይ የሰው ቁመት ያህል ይድረስ፣ አናቷ ክፍት ይሁን። መሬቱ ስለረጋ ዘንድሮ እንጨት መትከሉ ካልሆነ፣ ቅርንጫፎቿን በሲባጎ ሰብሰብ አድርገው በጆንያው ይጠቅልሏት፤ ሚያዝያ ላይ ይፍቱላት።

ጆንያ ለመግዛት ሱቅ አይሂዱ። እዚያ የነበርኩ ጊዜ ከአንድ ቡና ቆዪ የለመንኳቸው ስድስት ባዶ ጆንያዎች ጋራዡ ውስጥ፣ ከበረዶ መጥረጊያው ማሽን ጀርባ ተጣጥፈው አሉ። ከላይ ያለውን ሲዘረጉት «ጅማ 5» እና «60 ኪሎ» የሚል የቀለም ማኅተም ያገኛሉ፤ አፉ ላይ የተሰፋበት ቀይ ክር እስካሁን አልተፈታም። እርሱን ለመስኮትዎ ቅርብ ለሆነችው ያድርጉላት፤ ጽሑፉም ወደ ቤቱ ይዙር።

የሚናፍቅዎት ልጅዎ