ለጎንደር የእግር ጉዞ፦ ከኮረብታው እንጀምራለን

ውድ አባላት፣

የጎንደሩን ጉዞ ቅደም ተከተል ቀይረነዋል። ብዙ ጎብኚ በቀጥታ ወደ ፋሲል ግቢ ይገባል፤ እኛ ግን በማለዳ ጎሃ ኮረብታ ላይ እንወጣለን። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ መናገሻቸውን ለምን እዚህ እንዳደረጉ ከላይ ሆኖ ማየት ይሻላል፤ ከተማዋ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቀምጣለች፣ ዙሪያዋን ተራራ ከቧታል።

ቀጥሎ ቁስቋም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ይህ ኮረብታማ ግቢ ከፋሲል ግቢ ያነሰ ጎብኚ አለው፤ ለእኔ ግን ይበልጣል። ፍርስራሹን ከሩቅ ብቻ አትዩት። ቀላ ባለው ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን መስቀሎች ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ቀና በሉ፤ ጣሪያው በክንፋም መላእክት ፊት የተሞላ ነው፣ ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ። ጫማ ይወለቃል፤ ስለዚህ ማሰሪያው የማያስቸግር ይሁን። ፋሲል ግቢና የጥምቀቱ መዋኛ ለከሰዓት ይቆያሉ። በመዋኛው ግንብ ላይ የተጠማዘዙትን የዛፍ ሥሮች ፎቶ ለማንሳት ጊዜ አለን።

ወደ ቁስቋም የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ቀደም ብላችሁ አሳውቁን፤ መኪና እናዘጋጃለን። ውኃና ነጠላ እንዳትረሱ።