ስለ ካካፖ ከጻፋችሁ አይቀር

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ኒውዚላንዱ ካካፖ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ጎንደር ሆኜ አነበብሁት። መብረር የማይችል፣ ሌሊት ሌሊት የሚወጣ ትልቅ በቀቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የቀሩት 51 ብቻ ነበሩ። ድመትና አይጥ በሌለባቸው ደሴቶች አስፍረው፣ ለእያንዳንዱ ወፍ የሬዲዮ ማስተላለፊያ አስረው፣ በ2022 ቁጥሩን ከ250 በላይ አደረሱት። ያውም ወፉ የሚራባው ሪሙ የተባለው ዛፍ በብዛት በሚያፈራበት ዓመት ብቻ ሆኖ ሳለ! ቅብጠት ነው የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ቀናሁ።

የራሳችን በቀቀን አለና፤ በእንግሊዝኛ «ብላክ-ዊንግድ ላቭበርድ» የሚሉት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዱር የትም የማይገኝ፣ ክንፉ ላይ ጥቁር ያለበት አረንጓዴ ትንሽ ወፍ። ወንዱ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቀይ የላትም። እርግጥ እንደ ካካፖ አልተመናመነም። ነገር ግን እንቁላሉን የሚጥለው በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳ ያለው ደግሞ ያረጀ ዛፍ ነው፤ ለአጣና የሚቆረጥ ባሕር ዛፍ እዚያ ዕድሜ አይደርስም።

በአካባቢያችን ያረጀ ጽድና ወይራ የተረፈው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነው፤ አባቶች ስለጠበቁት። ታዲያ «አርጅቷል፣ ይቆረጥ» ሲባል፣ የሰበካ ጉባኤው ቀና ብሎ ግንዱ ላይ ቀዳዳ መኖሩን ቢያይ ምን ይከብዳል? ሰው ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቆይ።

እናንተም በሚቀጥለው እትም ስለዚህ ወፍ ጻፉልን። ፎቶው ግን ባለቀለም ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ ወንዱና ሴቷ አይለዩም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር