ሆድ ባሰኝ ማለት ሆዴን አመመኝ ማለት አይደለም ልጄ

ሰላም ነሽ የኔ ልጅ፣ የላክሽው ብር ደርሶናል እግዚአብሔር ይስጥልን፣ መልክትሽን ሳነበው ግን መጀመሪያ ደነገጥኩ ከዛ እናትሽ እስክትቆጣኝ ድረስ ሳቅኩ። «ሃው ኢዝ ማምስ ቤሊ? ፕሊስ ዶክተር ጋር ውሰዳት» ነው ያልሽው። እናትሽ ሆዷን ምንም አልሆነችም። በቮይስ የላከችልሽ «ልጄ ዛሬ ሆድ ባሰኝ» ብላ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሆድ የሚለውን ለብቻ ባሰ የሚለውን ለብቻ ሰምተሽ የሆድ ህመሟ ባሰባት ብለሽ ሌሊት ተነስተሽ የምርመራ ብር ላክሽ። አልፈርድብሽም፣ በአስር አመትሽ ነው ከኛ ተለይተሽ የሄድሽው፣ የአስር አመት ልጅ ሆድ አይብሰውም (ይብሰዋል እንጂ ስሙን አያውቀውም)።

ሆድ ባሰኝ ማለት ያው... እንባ ሳይመጣ በፊት ያለችው ነገር ናት። ሰው ሳይሞት ሰው ሳይጣላሽ ድንገት አንድ ነገር ታይና አገጭሽ ይንቀጠቀጣል። እናትሽ የዛን ቀን ከጊዮርጊስ አስቀድሳ ስትመለስ በደጎል በኩል ዞረች፣ እኛ የነበርንበት ሰፈር ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል ታውቂያለሽ፣ እና አንቺን ጡት ስታጠባሽ ትቀመጥበት የነበረው ደጃፍ የቱ ጋ እንደነበር ብትፈልግ አጣችው። ቤቱ መፍረሱንማ ለምዳዋለች፣ ቦታውን ማወቅ አለመቻሏ ነው ሆድ ያስባሳት። ቤት ገብታ ቡና እያፈላች ነው ያን ቮይስ የላከችልሽ።

ለሆድ ቤሊ የምትይዋን የእንግሊዝኛ ቃል ግን እኔም በደንብ ነው ማውቃት፣ ካርጎ ስሰራ የዕለት እንጀራዬ ነበረች። የመንገደኛ አውሮፕላን ሰው ከተቀመጠበት ወለል ስር ያለው የጭነት ቦታ ቤሊ ነው ሚባለው፣ «ቤሊው ሞልቷል» «ይሄ በቤሊ ይሂድ» እንባባል ነበር። ሻንጣው አበባው ወደ አረብ አገር የሚሄደው ስጋ ሁሉ እዛ ውስጥ ነው ሚገባው፣ አንቺም የሄድሽ ቀን ከላይ ተቀምጠሽ በርበሬና ሽሮሽ ከስር ቤሊ ውስጥ ነበር። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ ቀጥ ብሎ መቆም የለም፣ ተንበርክከሽ ነው ሻንጣ የምትደረድሪው። ጓደኞቼ ዮናስ እያሉ ነበር ሚጠሩኝ፣ እውነታቸውን ነው፣ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስም ዮናስ የነበረው የዓሣው ቤሊ ውስጥ ነው፣ እሱ ሶስት ቀን አደረ እኔ ሀያ ስምንት አመት። አውሮፕላን ጎማው አልወርድ ብሎት በሆዱ ሲያርፍ ደግሞ ቤሊ ላንዲንግ ይባላል፣ ተመስገን ነው እኔ አይቼ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስለተረፈኝ ዲክሽነሪ አገላብጣለሁ፣ እናትሽ ጋዜጣ ብታነብ ይሻልሃል ትለኛለች። እና ቤሊ ከሺ አመት በፊት በድሮው እንግሊዝኛ ቤልግ ነበረች፣ ትርጉሙም ሆድ ሳይሆን ስልቻ ነው፣ የቆዳ ከረጢት። ከስሩ ደግሞ ማበጥ መነፋት የሚል ሀሳብ አለው። ከዛው ቃል ሌላ ልጅ ወጣ፣ ቤሎውስ፣ ማለት ወናፍ። ወናፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልጅ ሆኜ ሰራተኛ ሰፈር አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ የፍየል ቆዳ ወናፉን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲጫነው ቆዳው ያብጥና ይሟሽሻል ያብጥና ይሟሽሻል ከሰሉ ይቀላል፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ወናፉ የተኛ ሰው ሆድ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንግሊዞቹም እንደኔ አስበዋል። የመርከብ ሸራ ንፋስ ሲሞላውም ቤሊ አደረገ ይላሉ፣ ያው መነፋት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በጀት ነው፣ እኛ በየአመቱ ሐምሌ ሲመጣ የምንሰማው በጀት! በድሮው ፈረንሳይኛ ትንሽ የቆዳ ቦርሳ ቡዤት ይባል ነበር፣ በጀት የመጣው ከሱ ነው፣ ስሩም ወደ ላቲን የገባ የጎሎች (የጥንት የፈረንሳይ አገር ሰዎች) ቃል ነው፣ ጥንተ ዘሩን ወደ ኋላ ብትስቢው ከቤሊ ጋር አንድ ስር ላይ ይገናኛል። ማለትም የመንግስት በጀትና የኔ ቦርጭ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ቦርጭ ካነሳሁ አይቀር እናንተ ቢር ቤሊ የምትሉት ነው፣ እኔ ቢራ ሳልጠጣ ነው ያወጣሁት። ድሮ ቦርጭ የጌታ ምልክት ነበር አሁን ሀኪሙ ሁሉ ሜትር ይዞ ይመጣብሻል።

ሌላውን ባጭሩ ልንገርሽ፣ ምናልባት ሲነገርሽ ግር እንዳይልሽ ብዬ እንጂ አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ። ድርጅት ቤሊ አፕ ሄደ ካሉሽ ከሰረ ማለት ነው፣ የሞተ አሳ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚንሳፈፍ። ቤሊኤክ የሆድ ቁርጠት ነው ግን አለቃሽ «ስቶፕ ቤሊኤኪንግ» ካለሽ አታላዝኚ እያለሽ ነውና መድሃኒት እንዳትጠይቂው። ቤሊ ላፍ ሆድን ይዞ የሚሳቅ ሳቅ ነው፣ ይቺን እኛም አለችን። ቤሊ ዳንስ እንኳን ተይው፣ እናትሽ ቲቪ ላይ ባየች ቁጥር ትከሻ እያለ ሆድ ምን በወጣው ትላለች።

አየሽ ግን፣ ቤሊ ከውጪ የሚታየው ነው፣ ሚነፋው ሚሞላው ሚጫንበት። የኛ ሆድ ደግሞ ምስጢር ማስቀመጫ ነው። የሆድ የሆዳችንን ተጫወትን እንላለን፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን፣ ቂም የያዘ በሆዱ ያዘ ይባላል፣ ተዋደው የነበሩ ሲኳረፉ ሆድና ጀርባ ሆኑ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ስትል አያትሽ ጠላ እየቀዳች ነበር፣ ያኔ ስለ ሰካራም ብቻ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። ሆደ ሰፊ ደግሞ ታጋሽ ማለት ነው፣ እባክሽ ይሄን ለነጭ ስትተረጉሚ ተጠንቀቂ፣ «ማይ ፋዘር ሃዝ ኤ ቢግ ቤሊ» ካልሽ ሌላ ነው ሚገባቸው (በኔ ጉዳይ ሁለቱም ልክ ነው)።

እንግሊዞችም ሁሌ እንዲህ ደረቅ አልነበሩም። በ1588 የስፔን መርከቦች ሊወጓቸው ሲመጡ ንግስት ኤልሳቤጥ ወታደሮቿ ፊት ቆማ ተናገረች የሚባለው፣ ሰውነቴ የደካማ ሴት ነው ግን የንጉስ ልብና የንጉስ ስቶማክ አለኝ ነው። ስቶማክ ያኔ ድፍረትም ኩራትም ነበር። እኛ ጋ አንዲት ንግስት የንጉስ ሆድ አለኝ ብትል ኖሮ ግብር ጨምሩ ያለች ይመስላቸው ነበር። በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸውም ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው ላይ ርህራሄን ልበሱ የሚለውን በአንጀት ነው የጻፈው፣ «ባውልስ ኦፍ መርሲስ» ይላል። ቁልጭ ያለ የኛ አንጀት እኮ ነው፣ አንጀቴን በላው አንጀቴ ራሰ እንደምንለው። አዲሶቹ ትርጉሞች ግን አንጀቱን አውጥተው ኮምፓሽን አድርገውታል፣ ምን እንደነካቸው እንጃ።

እና ለወደፊቱ እናትሽ በእውነት ስትታመም በምን ታውቂያለሽ መሰለሽ፣ ሆዴን ቆረጠኝ ካለች ቁርጠት ነው፣ ነፋኝ ካለች ጋዝ ነው፣ ያስቀምጠኛል ካለች ወንበር እንዳይመስልሽ ተቅማጥ ነው። ጨጓራዬ ካለች ጠይቂያት፣ የሚያቃጥል ጨጓራ አለ እኔ ስነዘንዛት ጨጓራዬን ላጥከው የምትለኝ አለ፣ የመጀመሪያው የሀኪም ነው ሁለተኛው የኔ ነው። ቃር ደግሞ እናንተ ሃርትበርን የምትሉት ነው፣ ልብ ምኑም የለበትም። ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴ ፈራ፣ ሆዴ ቡቡ ነው ካለች ግን ብር አትላኪ፣ ደውዪላት። በጽሁፍ አይደለም፣ ደውዪ። እሁድ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ሰአቱን ታውቂዋለሽ፣ ሃው ኢዝ ዩር ቤሊ እንዳትያት፣ ሆዴ በያት በቃ፣ ትንሽ እያለሽ እሷ አንቺን ስትጠራሽ እንደነበረው፣ ከዛ በኋላ እሷ ራሷ ትቀጥለዋለች አንቺ ዝም ብለሽ ስሚያት።

የላክሽውን ብር በተመለከተ፣ መልሰን እንላክላት ስላት እናትሽ ልጄ የላከችው አይመለስም ብላ ግማሹን ለነጠላ አስቀመጠች፣ ቀሪውን ለቤት አስቤዛ ብላ ሰጠችኝ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ሽንኩርትና ዘይት ልገዛ ወጥቼ የድሮ የካርጎ ጓደኞቼን አገኘሁና ዱለት በላን፣ አንዱ ድጋሚ ይምጣ አለ፣ በሚጥሚጣ፣ ምን ልበልሽ። ከትላንት ወዲያ ጀምሮ እውነተኛው ጨጓራ ይዞኛል፣ የሚያቃጥለው፣ የሀኪሙ። ሽሮፕ ገዝቼ ከዲክሽነሪው ኋላ ደብቄዋለሁ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ።

አባትሽ