ለ7 ውሻና ለ14 ልጅ የድጋፍ ጥሪ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም የማርቆስ ልጆች፣ የጎጃም ልጆች በያላችሁበት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። መቼም ለውሻ አዋጡ ስላችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ፣ ግማሻችሁ ደሞ ሰው እየራበው ምን አይነት ጣጣ ነው ትላላችሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት እንዲህ የሚል ሰው ባገኝ እስቅበት ነበር። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ 14 የሰፈራችን ልጆች ከ7 ውሾች ጋር እየሰሩ ነው፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የልጆቻችን ነው።

ትምህርት ሲከፈት ሲዘጋ በነበረበት ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ልጆቹ መዋያ አልነበራቸውም። አንድ የ13 ዓመት ልጅ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከሰው ጋር ማውራት ጭራሽ ትቶ ነበር፣ ሌሊት እየባነነ ቀን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ በእንጨት መሬት ሲጭር ይውላል፣ እናቱ ጠበልም ሀኪም ቤትም ወስዳዋለች። እኔ ጋ አንዲት ቡችላ ነበረች፣ ቡቺ ነው የምንላት (የአገሩ ግማሽ ውሻ ቡቺ ነው መቼም)፣ አንድ ቀን ከያዘው ዳቦ ቆረስ አርጎ ሰጣት፣ በነጋታው መጣ፣ ከዛ በየቀኑ ሆነ። ከ3 ሳምንት በኋላ ጓሮ ሆኜ "ተቀመጪ!" ሲላት ሰማሁት። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከኔ ጋር ለማውራት ገና ብዙ ፈጅቶበታል፣ አሁንም ቁጥብ ነው፣ ተአምር አይደለም የማወራችሁ።

ከዛ ስጠይቅ ሳነብ ፈረንጆቹ ቴራፒ ዶግ (የተጨነቀን ሰው እንዲረጋጋ የሚያግዝ ውሻ) የሚሉት ነገር መሆኑን አወኩ። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል ኒውዮርክ የነበረ የልጆች ሳይኮሎጂስት፣ ከሱ ጋር አልግባባ ያሉ ልጆች ውሻው ጂንግልስ ሲኖር እንደሚከፈቱ አይቶ በነሱ አቆጣጠር 1962 ላይ ጻፈው፣ መጀመሪያ ላይ ባልደረቦቹም እንደ ቀልድ ነበር የቆጠሩት ይባላል፣ ስለዚህ መሳቅ በናንተ አልተጀመረም። 1999 ላይ ደሞ እዛው አሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚባል ከተማ ማንበብ የሚከብዳቸውን ልጆች ለውሻ ድምፃቸውን አውጥተው እንዲያነቡ ማድረግ ተጀመረ፣ ምክንያቱም ውሻ ተሳሳትክ አይልም፣ አይስቅም፣ ዝም ብሎ ይሰማል።

እኛ ግን ውሻ በመዳበስ ብቻ አልቆምንም፣ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ውሾቹን የሚያሰለጥኑት፣ ትልቁ ነገርም እሱ ላይ ነው ያለው። የኛ አገር ውሻ ታውቁታላችሁ፣ ጎንበስ ስትሉ ይሸሻል፣ ድንጋይ ልታነሱ መስሎት። የጫማ ክር ለማሰር እንኳ ብትጎነበሱ እግሬ አውጪኝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት አለመጎንበስ ነው፣ ጎን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ እጅን ዝቅ አርጎ እሱ ራሱ እስኪመጣ መጠበቅ። አንዳንዱ ውሻ 4 ቀን ይፈጃል፣ አንዷ 11 ቀን ፈጀች። አንድ ቀን ይሄን እያሳየኋቸው ያ ልጅ "በር ሲንኳኳ እኔንም እንዲህ ያደርገኛል" አለ፣ ማንም ምንም አላለም፣ ሌሎቹም ዝም ብለው ዳቦ መቁረሳቸውን ቀጠሉ። ከዛ በኋላ ነው ትዕዛዝ ማስተማር የሚመጣው፣ ልክ እንደተቀመጠ ወዲያው ዳቦ፣ ትንሽ ከዘገያችሁ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም፣ መጮህና መምታት የለም፣ 10 ደቂቃ ከሞላ ይበቃል። ተናደህ የመጣህ ቀን ውሻው አይሰማህም፣ ልጆቹም ይሄን አውቀውት አንዳንዱ በር ላይ ቆም ብሎ ተንፍሶ ነው የሚገባው፣ እኔ ያላስተማርኳቸው ነገር ነው።

ጥፋታችንንም ልናገር። አንዴ ተጋብዘን አንድ ትምህርት ቤት ሄደን ልጅ ሁሉ በአንዴ ከበበንና ውሻው ደንግጦ ገመዱን በጥሶ ጠፋ፣ ማታ ነው ያገኘነው፣ ማንም አልተነከሰም ተመስገን። ከዛ ወዲህ በአንድ ውሻ ከ2 ልጅ በላይ አናስጠጋም። ከበድ ያለ ችግር ያለበትን ልጅ ደሞ ወደ ሀኪም ነው የምንልከው፣ ውሻ የሀኪም ምትክ አይሆንም።

አሁን ወደ ልመናው። ዋናው ፍርሃታችን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ሰውን ከሚይዘው ደሞ ከ100 እጅ 99ኙ ከውሻ ነው። (ማንም ቢነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዛው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው፣ እስቲ ነገ እስቲ ከነገ ወዲያ የለም።) ከ7ቱ ውሾቻችን 4ቱ ተከትበዋል፣ 3ቱ አልተከተቡም፣ እስኪከተቡ ልጅ አይነካቸውም፣ ታስረው ሲያለቅሱ ይውላሉ። ሀሳባችን ግን በነሱ እንዳይቀር ነው። ሰፈሩን ዞረን ስንቆጥር 52 ውሻ አገኘን፣ ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ በሽታው መዛመቱን ያቆማል ይላሉ ባለሙያዎቹ፣ ስለዚህ ቢያንስ 37ቱን ማዳረስ አለብን፣ 33 ይቀረናል ማለት ነው። ውሻ ማየት የማትፈልጉ ሰዎችም ይሄ ለናንተም ነው። አንድ የእንስሳት ሀኪም ወንድማችን በነፃ ሊወጋልን ቃል ገብቷል፣ ክትባቱንና የትል መድሃኒቱን መግዛት የኛ ነው።

ሁለተኛው አጥር ነው። የምንሰራበትን ቦታ አንድ ጋሼ ነው በውሰት የሰጡን፣ ግን ክፍት ነው፣ አህያ ይገባል፣ መንገደኛ ቆሞ ይስቃል፣ ልጆቹ ሲሳቅባቸው ይሸማቀቃሉ። 45 ቆርቆሮና 60 የባህር ዛፍ ቋሚ ያስፈልገናል፣ ሚስማርም። ክረምቱ ሳይጠና ብንጨርሰው ደስ ይለናል፣ የማርቆስን ሐምሌ ታውቁታላችሁ። ለእጅ መታጠቢያም አንድ በርሜልና ሳሙና።

ሥጋ ቤት ያላችሁ ደሞ አጥንት ብትሰጡን እግዜር ይስጥልን፣ ግን ጥሬ ሳንባና ጉበት፣ በተለይ ውሃ የቋጠረውን፣ ለማንም ውሻ አትጣሉ፣ ውሻው ከሱ የሚያገኘው ትል ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል፣ እኛ ሁሉንም ቀቅለን ነው የምንሰጠው። ውጭ ያላችሁ፣ ውሻ ሶፋ ላይ እያስተኛችሁ ፎቶ ስትለቁ እያየን ነው፣ ለዓመት በዓል ስትመጡ ያረጀ የውሻ ገመድና ማሰሪያ ሻንጣ ውስጥ ጣል አርጉልን፣ እዚህ ጫማ ሰፊ ጋ ነው የምናሰራው፣ ቶሎ ይበጠሳል።

እምነቱን በተመለከተ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አንድ ቄስ አባታችንን አማክረን "ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አታስጠጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ፍጥረት ነው አትምቱት" ብለውናል። የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም አሉን፣ ቤተሰብ ያልፈቀደለትን ልጅ ውሻ አናስነካም፣ እነሱ መዝገብ ይይዛሉ፣ የማን ውሻ መቼ ተከተበ የሚለው በነሱ እጅ ነው፣ ከኔ የተሻለ ነው ጽሑፋቸው።

ብሩን 3 ሰው ፈርሞ ነው የሚያወጣው፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን እንለቃለን፣ የልጆቹን ፊት ግን አንለቅም፣ እንዳትጠይቁን። መርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የአካውንት ቁጥሩን እዛ እልካለሁ፣ በአደባባይ የተጻፈ ቁጥር ካያችሁ የኛ አይደለም። ብር የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት መጥታችሁ ጉድጓድ ቆፍሩልን።

እስከ ትናንት ማታ 6 ቆርቆሮ ተገኝቷል፣ 39 ይቀራል።