ሣሩ ሳይደርቅ አጥሩ ይከፈት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ኮልፌ ውስጥ የወተት ላሞች አረባለሁ፤ ስለዚህ ሣር ባየሁ ቁጥር መቼ እንደሚታጨድ አስባለሁ። ሰፈራችን መሀል በቆርቆሮና በአጣና ታጥሮ ለዓመታት የተቀመጠ ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቱን በቅጡ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ውጭ አገር ነው ያለው ይላል፣ ሌላው የማኅበር ነው ይላል። ክረምቱ ሲወጣ ሰንበሌጡ አጥሩን አልፎ ይታያል፤ ጉሎውማ ዛፍ ሆኗል። በጥቅምት ሰንበሌጡ መኖ ነው። ኅዳር ገብቶ ውርጭ ሲመታው ግን ክብሪት ብቻ የቀረው ማገዶ ይሆናል።

ሣሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች ሳይመጡ የቀሩ ዕለት ፌስታሉ በአጥሩ ላይ ይወረወራል። ቤት ያፈረሰውም ጨለማ ለብሶ በጋሪ ይደፋበታል። የተቀደደ የስፖንጅ ፍራሽ፣ አሮጌ ጎማ፣ የቀለም ጣሳ፣ ምን የሌለ አለ! ቆራሌው ሃይላንዱን እንኳ እንዳይለቅም በሩ ተቆልፏል።

አምና ኅዳር ሲታጠን የሆነውን ልንገራችሁ። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ከተማዋን ካራቆተው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ነው፤ እኔም ይቅር አልልም። ግን የድሮዎቹ ግቢውንም መንገዱንም ጠርገው ነበር የሚያጥኑት። እኛ ማጠኑን ይዘን መጥረጉን ትተነዋል። የዚያን ቀን በቅያሳችን ከተለኮሰው ክምር ነፋስ ፍንጣሪ አንስቶ ከአጥሩ ማዶ ጣለው። ሰንበሌጥ ሲነድ ያየ ያውቀዋል፤ ሮጦ የሚቀድመው የለም። አጥሩን ተደግፎ የአንዲት ጠላ ጠማቂ እናት ማድቤት አለ፤ እሳቱ በቀጥታ ወደዚያ ሄደ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ተራው የእኛ አልነበረም። አንድ ጎረቤት ሮቶውን ከፈተልን፤ ማዳበሪያ ከረጢት እየነከርን ደበደብነው። 939 ተደውሎ የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ ግን በቅያሳችን አይገባም። ቱቦው ተዘርግቶ እስኪደርስ የማድቤቱ ጣሪያ አልቆ ነበር። ሰው አለመጎዳቱ የሚካኤል ሥራ ነው፤ በዓሉም የእርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ። «የግል ይዞታ ነው፣ አንገባም» ተባልኩ። የሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) ቦታ የወሰደ ሰው በውሉ ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል፤ ካልጀመረም ቦታውን ሊያጣ ይችላል። መልካም። እስከዚያው ሣሩን ማን ይጨደው? ደጃፉን ያልጠረገ ባለሱቅ በደንብ አስከባሪ ሲቀጣ አይቻለሁ፤ ጭድ አጥሮ ያስቀመጠ ሲቀጣ ግን አላየሁም።

ዘበኛውንም አነጋግሬዋለሁ። ሰው ባስገባ ቆርቆሮው እንዳይነቀል፣ አንዱም ላስቲክ ወጥሮ እንዳይቀመጥበት ይሰጋል። እውነቱን ነው፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም አላስገባም።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። መስቀል እንዳለፈ ወረዳው አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፍ። ባለይዞታው ጥቅምት እስኪጋመስ ካላጸዳ፣ ዕድሩ አንድ ቅዳሜ በዘበኛውና በደንብ አስከባሪ ፊት ይግባ፤ የገባው ሰው ስሙ ይመዝገብ፤ ማታ በሩ ይቆለፍ። ሣሩን ከብት ያለው፣ ሃይላንዱንና ብረቱን ቆራሌው ይወስደዋል። ጎማውንና ስፖንጁን ለሚያነሳው መኪና ባለይዞታው የሊዝ ክፍያውን ሊከፍል ሲመጣ ይጠየቅ። ሁሉን መመንጠር ካልተቻለ እንኳ ከቤቶቹ ግድግዳ አጠገብ ያለው አምስት ስድስት እርምጃ ያህል እስከ አፈሩ ይነሳ።

ለላሞቹ መኖ ፈልጎ ነው የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ፈልጌ ነው፤ ድርቆሽ ዋጋው የት እንደደረሰ ከብት ያለው ያውቀዋል። ማጭድ አለኝ፣ የሚያጭዱ ልጆችም አሉኝ። የቀረው ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከብት አርቢው፣ ከኮልፌ